«አንድ» እና «አንድም»፦ ስለ ትርጉም ትርጉም ጥቂት አስተያየት

ነገሩ የተጀመረው በአንደኛ ዓመት የሎጂክ ክፍለ ጊዜ ላይ ነው። መምህራችን የስሕተት ዓይነቶችን በሰሌዳው ላይ እየዘረዘረ «አሻሚነት» ከሚለው ደረሰ። አንድን ቃል በአንድ ክርክር ውስጥ አንዴ በዚህ ፍቺ፣ አንዴ በዚያ ፍቺ መጠቀም ክርክሩን እንደሚያፈርሰው አስረዳን። ሁላችንም ጻፍን። ከኋላ ወንበር ግን አንድ የአገሬ ልጅ፣ ከዘመናዊው ትምህርት በፊት ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ቅኔ ቤት የከረመ፣ እጁን አወጣና «ታዲያ ቅኔስ?» ሲል ጠየቀ። ክፍሉ ሣቀ። መምህሩም ፈገግ ብሎ «ቅኔ ውበት ነው እንጂ ሎጂክ አይደለም» አለና ወደሚቀጥለው አለፈ።

እኔ ግን ማለፍ አቃተኝ። ጥያቄው እኮ ቀልድ አልነበረም። ሁለት ፍቺ ያለው ንግግር ሁሉ ስሕተት ከሆነ፣ እኛ የመካነ ሰላም፣ የሳይንት፣ የወግዲና የከላላ ልጆች ስንሰማው ያደግነው ነገር ሁሉ፣ የየኔታ ቅኔ፣ የሼሁ መንዙማ፣ የአያቶቻችን ተረት፣ ያማረ ስሕተት ነበር ማለት ነው። ልጁ ልክ ከሆነ ደግሞ ያን ቀን በደብተራችን የገለበጥነው ነገር ምንድን ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ቤት በተቀመጥን ቁጥር በሁለት ተከፈልን። አንደኛው ወገን «ቃል አንድ ትርጉም ይኑረው፤ ሳይንስም፣ ሕግም፣ አስተዳደርም በቅኔ አይሠራም» ይላል። ሁለተኛው ወገን «የትርጉምን ነገር ከግሪክ አንማርም፤ ሰምና ወርቅ እያለን ምን ጎደለን?» ይላል። ይኸኛው ወገን ሲጨንቀው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ይመዛል፤ የመጽሐፉ ደራሲ ማን ነው የሚለው ክርክር ከ1920 (እ.ኤ.አ.) ከኮንቲ ሮሲኒ ጽሑፍ ጀምሮ እስካሁን እንዳልተቋጨ ግን አያነሣም። የኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች የተጣሉት ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሳይጠይቁ ነው የሚል ነው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

1ኛ/ ትርጉም የት ነው የሚኖረው?

ይህችን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦ «ልጁ እዚህ አለ።»

ምን ማለት ነው? «አለ» ጠብቆ ሲነበብ ልጁ እዚህ ይገኛል ማለት ነው። ላልቶ ሲነበብ ደግሞ ልጁ «እዚህ» ብሎ ተናገረ ማለት ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት ሆሄያት ያው ናቸው። መኖርና መናገር፣ በፍልስፍና ውስጥ ከሁሉ የተራራቁት ሁለት ነገሮች፣ በአማርኛ ጽሕፈት አንድ ልብስ ለብሰው ይሄዳሉ። እንግዲህ ትርጉሙ ከሆሄያቱ ውስጥ አይደለም ማለት ነው። ታዲያ የት ነው?

የጥንቶቹ ግሪኮች ይህን ጥያቄ በስም ጀመሩት። በአፍላጦን (ፕላቶ) «ክራቲሎስ» ውስጥ ሁለት ሰዎች ይከራከራሉ። ሄርሞጌኔስ «ስም የስምምነት ጉዳይ ነው፤ ሰዎች የተስማሙበት ሁሉ ስም ይሆናል» ይላል። ክራቲሎስ በበኩሉ ለእያንዳንዱ ነገር ከተፈጥሮው ጋር የሚስማማ ትክክለኛ ስም አለው ባይ ነው። ሶቅራጥስ ሁለቱንም ወዲያና ወዲህ ካላጋቸው በኋላ፣ ስለ ነገሮች ከስማቸው ይልቅ ከራሳቸው ከነገሮቹ መማር ይሻላል ወደሚለው ያደላል። አርስጣጣሊስ (አሪስቶትል) ደግሞ ስለ አተረጓጎም በጻፈው አጭር መጽሐፉ ነገሩን በደረጃ አስቀመጠው፤ ጽሕፈት የድምፅ ምልክት ነው፣ ድምፅ በነፍስ ውስጥ ያለው ነገር ምልክት ነው፤ ፊደልና ድምፅ ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል፣ በነፍስ ያለው ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ እንግሊዛዊው ጆን ሎክ በ1690 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለ፤ ቃል በተናጋሪው አእምሮ ውስጥ ላለ ሐሳብ የቆመ ምልክት ነው።

ይህ አባባል ሲሰሙት ደስ ይላል። ይሁንና አንድ ችግር አለበት። ትርጉሙ በኔ ጭንቅላት ውስጥ ካለ፣ አንተ በምን ታገኘዋለህ? ጭንቅላቴን ከፍተህ አታይም። «ልጁ እዚህ አለ» ብዬ ብጽፍልህ የምታደርገው ነገር ሌላ ነው፤ ከላይና ከታች ያለውን ታነባለህ፣ ማን ለማን እንደጻፈው ትጠይቃለህ፣ ካልሆነልህም ጮክ ብዬ እንዳነብልህ ትለምነኛለህ። መልሱን ያገኘኸው ከሁለታችን መካከል እንጂ ከኔ ውስጥ አይደለም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

2ኛ/ መካነ ሰላም የት ነው?

ከተማችን መካነ ሰላም ትባላለች። በግዕዝ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። ዐረብኛ የሚያውቅ ሰውም ብዙ አይቸገርም፤ «መካን»ም «ሰላም»ም በዚያም ቋንቋ ያው ናቸው። ወሎ ላይ ቄሱም ሼሁም ያለ አስተርጓሚ የሚረዱት የከተማ ስም መገኘቱ ደግ ነገር ነው። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ግን ሌላ ነገር ሊሰማ ይችላል። በአማርኛ «መካን» የማይወልድ ነው። «ሰላም የመከነባት» ብሎ በክፉ ቀን የሚቀኝ አይጠፋም።

ታዲያ ሰላም ቢጠፋ ስሙ ይሰረዛል? አይሰረዝም። መኪና ተራው ረዳት «መካነ ሰላም! መካነ ሰላም!» እያለ ሲጣራ ተሳፋሪው ሰላም መኖር አለመኖሩን ሳይጠይቅ ይሳፈራል። ጆን ስቱዋርት ሚል በ1843 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው የሎጂክ መጽሐፉ ይህንኑ ተናግሯል። ዳርትማውዝ የሚባለው የእንግሊዝ ከተማ ስሙ «የዳርት ወንዝ አፍ» ማለት ነው፤ ወንዙ አቅጣጫውን ቢለውጥና ከከተማው ቢርቅ ግን ከተማው ዳርትማውዝ መባሉ አይቀርም። ለሚል የተጸውዖ ስም ነገሩን ይጠቁማል እንጂ ስለ ነገሩ ምንም አይናገርም። የኛም ቦረና እንዲሁ ነው። ቦረና ስንል ደቡብ ኢትዮጵያ ያለው ቦረናም ይጠራል፣ ከዓባይ በዚህ በኩል ያለው የኛው ቦረናም ይጠራል። የስሙ ታሪክ ቢዛመድም የሚጠቁመው አገር ሁለት ነው።

ጀርመናዊው ጎትሎብ ፍሬገ ግን በ1892 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጽሑፉ «ቆይ፣ ይህ አይበቃም» አለ። የንጋት ኮከብና የምሽት ኮከብ ሁለቱም ቬኑስ የምትባለውን ፕላኔት ይጠቁማሉ። ትርጉም መጠቆም ብቻ ቢሆን «የንጋት ኮከብ የምሽት ኮከብ ነው» ማለት «የንጋት ኮከብ የንጋት ኮከብ ነው» ከማለት የተለየ ነገር አይነግረንም ነበር። ግን ይነግረናል፤ ሰማይ ሲመረመር የተገኘ እውቀት ነው። ስለዚህ ፍሬገ ሁለት ነገር ለየ፤ ቃሉ የሚጠቁመውን ነገር፣ እና ነገሩ የሚቀርብበትን መንገድ።

ለኛ ሰማይ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ወሎ ራሱ ምሳሌ አለው። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ በ1870 ዓ.ም. ተጠመቁና ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ፤ የልጅ ኢያሱ አባት ናቸው። «ሚካኤል ሚካኤል ናቸው» ቢሉት ማንም አይሰማም። «መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ናቸው» ቢሉት ግን የአንድ አገር ታሪክ ይከፈታል። የተጠቆሙት ሰው አንድ ናቸው፤ ሁለቱ ስሞች ግን በሁለት በር ያስገቡናል፤ አንዱን ብቻ የሚያውቅ ሰው ስለ ወሎ ግማሹን አላወቀም። የፍሬገን ጽሑፍ ሳነብ ትዝ ያለኝ ኮከብ ሳይሆን ይህ ነው።

3ኛ/ የአርስጣጣሊስ «አንድ»፣ የየኔታ «አንድም»

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የመጀመሪያው ወገን ወዳጆቼ ጋሻ አርስጣጣሊስ ነው። በሜታፊዚክሱ አራተኛ መጽሐፍ ቃል አንድ ነገር ካላመለከተ ምንም አላመለከተም፣ ቃል ምንም ካላመለከተ ደግሞ ከሰውም ጋር ከራስም ጋር መነጋገር ቀረ የሚል ክርክር ያቀርባል። ብርቱ ክርክር ነው። «ሰው» ስል ሰውንም ሰው ያልሆነውንም ማለቴ ከሆነ ዝም ብል ይሻለኛል።

በዚህ ፊት የኛን አንድምታ አቁሙት። በትርጓሜ ቤት ተማሪው የግዕዙን ንባብ ያነባል፤ መምህሩ መጀመሪያ ነጠላውን ፍቺ ይሰጣሉ፤ ከዚያ «አንድም» ይላሉ፣ ሌላ ፍቺ፤ እንደገና «አንድም» ይላሉ፣ ሦስተኛ ፍቺ። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁሉም ተደርድረው ይኖራሉ። ሲታይ ይህ አርስጣጣሊስ ከከለከለው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? የሁለተኛው ወገን ወዳጆቼም ደስ ብሏቸው «አየህ! የኛ አእምሮ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው» ይላሉ።

ሁለቱም ግን ገጹን አልገለበጡም። አርስጣጣሊስ እዚያው ክርክሩ ውስጥ አንድ ነገር ይጨምራል፤ ቃሉ ብዙ ፍቺ አለው ቢባልም ነገሩ አይበላሽም፣ ፍቺዎቹ በቁጥር የተወሰኑ ይሁኑ እንጂ፤ ለእያንዳንዱ ፍቺ የየራሱን ስም መስጠት ይቻላልና። እርሱ የሚፈራው ሁለትን ወይም አምስትን ሳይሆን ወሰን የሌለውን ነው። ቃሉ የፈለግከውን ሁሉ ማለት ከቻለ ያን ጊዜ ምንም አይልም።

አሁን ደግሞ ወደ የኔታ ተመለሱ። የኔታ «አንድም» ሲሉ ያሻቸውን እየተናገሩ ነው? በፍጹም። እያንዳንዱ «አንድም» የሚቆምበት ምሰሶ ይፈለግለታል፤ ወይ ከሰዋስው፣ ወይ ከታሪክ፣ ወይ ከሌላ መጽሐፍ «እንዲል» ተብሎ ምስክር ይጠራለታል። ምስክር የሌለው «አንድም» በጉባኤ ላይ አይቆምም፤ ተማሪውም ከልቡ አውጥቶ «አንድም» ቢል ይታረማል። «አንድም» የሚቆጠር ነው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንግዲህ የአቴናው ፈላስፋና የትርጓሜው መምህር ያን ያህል የሚጣሉበት ነገር የለም። ሁለቱም ልጓም የሌለውን ቃል አይወዱም።

ልዩነት የለም ግን አልልም። አለ፤ ልዩነቱ ከዚህ በኋላ በሚመጣው ላይ ነው። አርስጣጣሊስ «ብዙ ፍቺ ካለው ለየብቻ ስም ስጠውና ለያየው» ይላል። ቅኔ ደግሞ «አትለያየው፤ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለቱንም አስቀምጣቸውና ሲተያዩ ተመልከት» ይላል። ይህን ለመረዳት ሰምና ወርቅን በትክክል ማወቅ ያስፈልጋል፤ እዚህ ላይ ደግሞ ብዙዎቻችን፣ እኔም ጭምር፣ ስንሳሳት ኖረናል።

4ኛ/ ሰሙ ይቀልጣል?

አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 (እ.ኤ.አ.) «ሰምና ወርቅ» የሚል ርእስ የሰጠውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አወጣ። የአማራው ኅብረተሰብ በአሻሚ ንግግር እንዴት እንደሚኖር፣ ዘመናዊነት የሚጠይቀው ጥርት ያለ አነጋገር ከዚህ ልማድ ጋር እንዴት እንደሚጋጭ፣ ልማዱ የሚሰጠውንም ጥቅም ሳይዘነጋ መረመረ። መጽሐፉ ትልቅ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ሰምና ወርቅ የሕዝብ ጠባይ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ደጋፊውም ነቃፊውም «ሐበሻ ሰምና ወርቅ ነው» ይላል፤ አንዱ ሊያሞግስ፣ ሌላው ሊሰድብ። የሙያ ቃል የነበረው መፈክር ሆነ። ትችቴ በዚህ ላይ ነው።

በቅኔ ቤት «ሰምና ወርቅ» የአንድ ዓይነት አካሄድ ስም ነው እንጂ የአሻሚ ነገር ሁሉ ስም አይደለም። ሰሙም ወርቁም በየስማቸው ተጠርተው እየተናበቡ ሲሄዱ ነው። ለምሳሌ እኔ አሁን «ገበሬው ጊዜ እርሻውን ልቤን አረሰው» ብል ገበሬው ሰም፣ ጊዜ ወርቅ ነው፤ እርሻው ሰም፣ ልቤ ወርቅ ነው። ምንም የተደበቀ ነገር የለም፤ ሁለቱም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። አንዲት ቃል ብቻዋን ሁለት ፍቺ ስትሸከም ኅብር ትባላለች። ሰሙ ብቻ ተነግሮ ወርቁ በሰሚው ልብ ሲቀር ደግሞ ውስጠ ወይራ ነው። እኛ በየዕለቱ ሰምና ወርቅ የምንለው አብዛኛው ነገር ኅብር ነው። ይህ የጥቃቅን ነገር ክርክር እንዳይመስላችሁ። መምህሮቹ ሦስት ስም የሰጡት ቃል ትርጉምን የሚሸከምበት መንገድ ሦስት መሆኑን ስላዩ ነው፤ ይህ ራሱ ስለ ትርጉም የተደረገ ምርምር አይደለም እንዴ?

ሁለተኛው ስሕተታችን ከምሳሌው የመጣ ነው። ወርቅ አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ ጭቃ ይለብጥበታል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና ወርቁን ያፈስስበታል። ከዚህ ተነሥተን «ሰሙ የውሸት ትርጉም ነው፤ ወርቁ ሲገኝ ይጣላል» እንላለን። በቅኔ ግን ሰሙ አይጣልም። እንዲያውም ተማሪው ቅኔውን ሲነግር የኔታ መጀመሪያ የሚይዙት በሰሙ ነው፤ ሰሙ በሰዋስውም በታሪክም ካልቆመ ወርቁ የፈለገውን ያህል ቢያምር ቅኔው ፈረሰ። ሁለት ትርጉም ያለው ንግግር አንድ ትርጉም ካለው ይልቅ ይከብዳል፤ ሁለት ጊዜ ትክክል መሆን አለበትና። እንግዲህ «ቅኔ ውበት ነው እንጂ ሎጂክ አይደለም» ያለው መምህራችን ቅኔ ሲታረም አላየም ማለት ነው።

ይህን ነጥብ ከሁሉ አጥርቶ ያየው ግሪክም ኢትዮጵያዊም አይደለም። በ11ኛው መቶ ዓመት (እ.ኤ.አ.) የኖረው የዐረብኛ ቋንቋ ሊቅ ዐብዱልቃሂር አልጁርጃኒ «ትርጉም» እና «የትርጉም ትርጉም» ብሎ ለየ። ዐረቦች ለቸር ሰው «የድስቱ አመድ ብዙ ነው» ይላሉ። ቃሉ የሚለው አመድ ነው። አመዱ ግን ወደ እሳቱ፣ እሳቱ ወደ ድስቱ፣ ድስቱ ወደ እንግዳው፣ እንግዳው ወደ ቸርነቱ ይመራሃል። አመዱን ዘለህ ቸርነቱን አታገኘውም። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ እንግዳ የሚበዛበት ቤት ምድጃው አይበርድም።

አርስጣጣሊስን ለቀቅ የማደርገው እዚህ ላይ ነው። «አመድ» ለሚለው አንድ ስም፣ «ቸርነት» ለሚለው ሌላ ስም ሰጥተን ብንለያያቸው ሁለት እውነት ይኖረናል፤ ከአመዱ ወደ ቸርነቱ የሚያደርሰው መንገድ ግን ይጠፋል። ቅኔ ትርጉም የሚለው ያን መንገድ ነው።

5ኛ/ የትርጉም ዋጋ

እስካሁን ያልኩት የመጻሕፍት ነገር ሊመስል ይችላል። አይደለም። የአባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ ገዳም ያለው እኛው አገር ቦረና ነው። አባ ጊዮርጊስ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በመጽሐፈ ምሥጢር መናፍቃንን ሲከራከሩ፣ ክርክሩ በብዙው ስለ ቃላት ነበር፤ ይህ ቃል ምን ያመለክታል፣ ምንስ አያመለክትም። ያ በብዕር የተደረገ ክርክር ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ ባሉበት የተደረገው ጉባኤ ግን ሌላ ነው። ዘመናት ሊቃውንቱን ሲያከራክር የኖረው የልደትና የመቀባት ትርጓሜ በዚያ ተቆረጠ፤ ከጉባኤው በኋላ አንዱ ትርጉም የመንግሥት ትርጉም ሆነ። ለወሎ ሙስሊሞችም ተጠመቁ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሼህ ጦልሓ ቢን ጃዕፈርን የመሰሉ ሊቃውንት እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙው ሰው ግን በአፉ ተቀብሎ በልቡ ሳይቀበል ቀረ።

«አመንኩ» የሚለውን ቃል እዩት። በሃይማኖት ሲነገር ተቀበልኩ ማለት ነው። በችሎት ሲነገር ጥፋቴን ተናዘዝኩ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ወሎ ላይ «አመንኩ» ያለ ገበሬ የቱን ማለቱ ነበር? «አንድ» የሚለው በሰይፍ ሲመጣ አሻሚነት አይጠፋም፤ ወደ ሰው ሆድ ይገባና እዚያ ይቀመጣል። ለመጀመሪያው ወገን ወዳጆቼ የማሳስበው ይህን ነው። አንድ ትርጉም ይኑር ስትሉ ማን እንደሚመርጠው ጠይቁ።

ለሁለተኛው ወገንም አለኝ። አጎቴ ለአንድ የመሬት ጉዳይ ከቆላ እየወጣ አንድ መሥሪያ ቤት ሲመላለስ ሦስት ክረምት አለፈው። በሄደ ቁጥር የሚሰጠው መልስ «አባቴ፣ ጉዳይዎ ይታያል» ነው። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ያው ተባልን። ስንመለስ መንገድ ላይ «አንተ ተምረሃል አይደል? ‹ይታያል› ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። «ይመረመራል ማለት ነው ጋሼ» አልኩት። ሣቀብኝ። «እሱንማ አጣሁት እንዴ! ማነው የሚያየው? መቼ ነው የሚያየው?»

ፍሬገን ያነበብኩት እኔ ነበርኩ፤ ጥያቄውን የጠየቀው ግን እሱ ነው። «ይታያል» አድራጊውን የደበቀ ግሥ ነው፤ ጊዜውንም ደብቋል። ይመረመራልም ይሆናል፣ እንግዲህ እናያለን ወይ አናይም ማለትም ይሆናል፣ ሂድልን ማለትም ይሆናል። የሱን ነገር እኔ እንዲህ ብዬ ገጠምኩት፦

ጉዳዬን ብጠይቅ፣ አልጠፋም ደኅና ነው፤
ይታያል ይሉኛል፣ እኔ ነኝ ማላየው።

አሁን ሁለቱን «ይታያል» አነጻጽሩ። ኅብሩ በኔ ግጥም ውስጥም አለ፣ በቢሮውም ውስጥ አለ። ልዩነቱ ምንድን ነው? በግጥሙ ሁለቱም ፍቺዎች ለሰሚው ተሰጥተዋል፤ ፈልጎ እንዲያገኛቸው ነው የተቀመጡት። በቢሮው ግን አንዱ ፍቺ ለገበሬው፣ ሌላው ለሠራተኛው ነው። ቅኔ የሚቆጠረው ሊፈታ ነው፤ ያ ቃል የሚነገረው እንዳይፈታ ነው። ይህን ሁለተኛውን «ሰምና ወርቅ» ብሎ ባህል ማድረግ በቅኔም መቀለድ ነው፣ በአጎቴም መቀለድ ነው።

«ቅኔስ አይደብቅም ወይ? ባለሥልጣኑን ያመሰገነ መስሎ የሚሰድበው ማን ነው?» የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው፣ ይደብቃል። እዚያ ግን ቅኔው የተደበቀው ሊቀጣ ከሚችለው ሰው ነው፤ ለጉባኤው ግን ክፍት ነው። ስለዚህ አንድ መለኪያ አቀርባለሁ። ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ሲነገራችሁ «ፍታልኝ» ብሎ መጠየቅ የሚችለው ማን እንደሆነ ተመልከቱ። ያልተረዳው ሰው መጠየቅ ከቻለ ቃሉ ቅኔ ነው። መጠየቅ ካልቻለ ወይም ቢጠይቅም መልሱ ያው «ይታያል» ከሆነ፣ ያ ሌላ ነገር ነው።

ሉድቪግ ቪትገንሽታይን በ1921 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፉ ዓረፍተ ነገርን የእውነታ ሥዕል አድርጎ አይቶት ነበር። ከሞተ በኋላ በ1953 (እ.ኤ.አ.) በታተመው መጽሐፉ ግን ከዚያ ራቀ፤ በአብዛኛው የቃል ትርጉም በቋንቋ ውስጥ ያለው አገልግሎቱ ነው አለ። እኛም «እንዴት አደርክ?» ስንባል ስለ እንቅልፋችን አናወራም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «አልሐምዱሊላህ» ብለን እናልፋለን። ቃሉ የሚሠራው ሥራ ሰላምታ ነው። ከላይ ያዙልኝ ያልኩት ነጥብ ይኸው ነው። ትርጉም በሰዎች መካከል ነው የሚኖረው። ይሁን እንጂ «አገልግሎት» ብሎ ማቆም ለኔ አይበቃኝም። «ይታያል»ም እኮ አገልግሎት አለው፤ ገበሬ መሸኛ ነው። አገልግሎቱ ለማን እንደሆነ መጠየቅ የኛ ፈንታ ነው።

ለማጠቃለል ያህል

የሎጂክ መምህራችን ያስጻፈን ሕግ ልክ ነው፤ በክርክር መካከል ሰሚው ሳያውቅ የቃሉን ፍቺ መለወጥ ስሕተት ነው። ስሕተት የሆነበት ምክንያት ግን ፍቺው ሁለት ስለሆነ አይደለም፤ ሰሚው ስላልተነገረው ነው። ቅኔ ይህን ሕግ አይጥስም። ሰሚውን «ሁለት ነው፤ ፈልግ» ብሎ ይጀምራልና። ስለዚህ «ታዲያ ቅኔስ?» ያለው ልጅ ቀልደኛ አልነበረም፤ ከሁላችን በፊት ደርሶ ሲጠብቀን ነበር።

እኛ አሁን የምንማረው ትምህርት አንድ ቀን ከጠረጴዛ ጀርባ ያስቀምጠን ይሆናል። ያን ጊዜ ከቆላ የወጣ አንድ ሰው ፊታችን ቆሞ ጉዳዩን ይጠይቀናል። «ይታያል» ማለት ከፈለግን ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚያየው አብረን እንናገር። ከትርጉም ፍልስፍና ያተረፍኩት አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

የማይስማማ ወዳጅ ካለ በሚቀጥለው እትም ይመልስልኝ። «አንድም» ብሎ ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ «እንዲል» የሚለውን ግን እንዳይረሳ።